የትኛውን ቅጂ አየን? የ1980ዎቹን ተወዳጅ ፊልሞች መልሶ ስለ ማየት

ባለፈው የትምህርት ዘመን ለአንድ ሴሚናር ባቀረብሁት አጭር ጽሑፍ ውስጥ እጅግ የምወደው አንድ ዐረፍተ ነገር ነበረ። «ራምቦ ሦስት» በ1988 ለዕይታ ሲበቃ በማብቂያው ላይ ለአፍጋኒስታን ሙጃሂዲን መታሰቢያ ይሁን ተብሎ ተጽፎ እንደ ነበር፣ ከ2001ዱ የኒው ዮርክ ጥቃት በኋላ ግን የፊልሙ ባለቤቶች አፍረው ጽሑፉን «ለአፍጋኒስታን ሕዝብ» በሚል እንደ ለወጡት የሚያትት ዐረፍተ ነገር። ፖለቲካ ሲለወጥ ፊልምም አብሮ እንደሚለወጥ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም ብዬ አምኜ ነበር። አንድ የክፍል ባልደረባዬ እጁን አውጥቶ፣ «የፊተኛውን ቅጂ አይተኸዋል?» ሲል ጠየቀኝ። አላየሁትም። ያየ ሰውም አላውቅም። ነገሩን የወሰድሁት ከሌላ ጽሑፍ ነው፤ ያም ጽሑፍ ከሌላ የወሰደው ነበር።

ወደ ማጣራት ስገባ ነገሩ ወሬ ሆኖ ተገኘ። ፊልሙ በወጣበት በ1988 የተጻፉ ግምገማዎች መታሰቢያነቱ ለጀግናው የአፍጋኒስታን ሕዝብ መሆኑን ያን ጊዜውኑ ጠቅሰውታል። ማንም ምንም አልለወጠም፤ ከ2001 በኋላ የተነሣ ወሬ እንደ ማስረጃ ሆኖ ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ ሲዞር ኖሯል። የሚያሳዝነው እውነተኛው ታሪክ ከወሬው ይልቅ ለመከራከሪያዬ ይጠቅመኝ የነበረ መሆኑ ነው። የሶቪየት ጦር ከአፍጋኒስታን መውጣት የጀመረው ሜይ 15 ቀን 1988 ነበር፤ ፊልሙ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የተከፈተው ደግሞ ሜይ 25 ቀን። ጓዙን ጠቅልሎ መንገድ በጀመረ ጠላት ላይ ተመልካችን የሚያስቆጣ ፊልም በዐሥር ቀን ዘግይቶ ደረሰ። ይህን ለማወቅ ሁለት ቀኖችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብቻ ይበቃ ነበር።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ከዚያ እፍረት የተወለደ ነው። የ1980ዎቹን ተወዳጅ ፊልሞች መልሰን ስናይ፣ ስለ ትርጉማቸው ከመናገራችን በፊት የትኛውን ቅጂ እንዳየን መናገር አለብን። ነገሩ የቤተ መዛግብት ሠራተኛ ጭንቀት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በዚያ ዐሥር ዓመት ከተሠሩ ዝነኛ ፊልሞች ብዙዎቹ አንድ ፊልም አይደሉም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በእኛ አቆጣጠር ዘመኑ ከታኅሣሥ 1972 እስከ ታኅሣሥ 1982 ያለው ነው፤ እኛ «ሰማንያዎቹ» የምንለው ዘመን ግን አብዛኛው ከደርግ ውድቀት በኋላ ያለው ነው። ሁለቱን ሳይለዩ የሚጽፉ ባልደረቦች አጋጥመውኛልና አስቀድሜ ልናገር።)

ከራምቦ አልውጣ። የመጀመሪያው ፊልም «ፈርስት ብለድ» ይባላል፤ በ1982 የወጣ፣ በቴድ ኮቼፍ የተዘጋጀ ነው። ጆን ራምቦ ከቬትናም ጦርነት የተመለሰ ወታደር ሲሆን፣ የጦር ሜዳ ጓደኛውን ፍለጋ ሄዶ ሰውየው ኤጀንት ኦሬንጅ በተባለው ኬሚካል ምክንያት በካንሰር መሞቱን ይሰማል። ከዚያ ሆፕ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሲደርስ የፖሊሱ አለቃ መልኩን አይቶ ይጠላዋል፤ ከከተማዋ ሊያስወጣው ይሞክራል፤ እንቢ ሲል ያስረዋል። ታሪኩ ያ ነው። ጠላቱ ሩሲያዊ አይደለም፤ ቬትናማዊም አይደለም፤ የገዛ አገሩ ፖሊስ ነው። በፊልሙ ውስጥ በግልጽ ሲሞት የምናየውም አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ራምቦ በወረወረው ድንጋይ ምክንያት ከሄሊኮፕተር የወደቀ ፖሊስ። በመጨረሻው ትዕይንት ራምቦ የቀድሞ አዛዡ ፊት ተቀምጦ ያለቅሳል። ሳይጎን ውስጥ አንድ ልጅ ጫማ ልጥረግ እያለ ሲለምናቸው፣ የሊስትሮ ሣጥኑ ውስጥ ፈንጂ ኖሮ ጓደኛው በእጁ ላይ እንደ ሞተ እየተንተባተበ ይናገራል።

ይህንን የሚያውቅ ስንት ሰው ነው? «ራምቦ» ሲባል በሰው ሁሉ ዓይን ላይ የሚመጣው በጭንቅላቱ ቀይ ጨርቅ ያሰረ፣ ደረቱን የገለጠ፣ መትረየስ በአንድ እጁ የያዘ ጡንቸኛ ነው። ያ ምስል የ1985ቱ የሁለተኛው ፊልም ነው። ሮናልድ ሬገን በዚያው ዓመት በቤይሩት የታገቱ አሜሪካውያን ሲለቀቁ፣ ትናንት ማታ ራምቦን ስላየሁ ለሚቀጥለው ጊዜ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ዐውቄአለሁ ብለው የቀለዱት ይህኑ ሁለተኛውን አይተው ነው። የመጀመሪያውን አይተው ቢሆን ኖሮ ቀልዱ ምን ይመስል እንደ ነበር ማሰብ ያስቸግራል።

ጉዳዩ ከዚህም ይጠልቃል። ፊልሙ የተመሠረተበት የዴቪድ ሞሬል ልብ ወለድ በ1972 የታተመ ሲሆን፣ በእርሱ ውስጥ ራምቦ በመጨረሻ ይሞታል። ፊልሙም ሲቀረጽ በሞቱ የሚያበቃ መደምደሚያ ተቀርጾለት ነበር፤ ራምቦ ሽጉጥ የያዘውን የአዛዡን እጅ ስቦ ራሱ ቃታውን ያስባል። የሙከራ ዕይታ ሲደረግ ተመልካቹ ይህን ስላልወደደ ተጥሎ ሌላው መደምደሚያ ገባ። አዛዡን ሊጫወት የነበረው ኪርክ ዳግላስ ራምቦ መሞት አለበት በሚል ከፊልሙ ወጥቶ ሪቻርድ ክሬና እንደ ተተካም የታወቀ ነው። እንግዲህ «ራምቦ የሬገን ዘመን የአሜሪካ ርዕዮተ ዓለም መገለጫ ነው» ብሎ የሚጽፍ አጥኚ ስለ የትኛው ራምቦ እየተናገረ ነው? ገጸ ባሕርዩ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ፊልም በሕይወት የተረፈው በአንድ አዳራሽ የተሰበሰቡ ሰዎች ሞቱን ስላልፈለጉት ነው። ርዕዮተ ዓለሙ የተሠራው በከፊል በዚያ አዳራሽ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል፤ ይህን የሚያሳየን ግን የተጣለው ቅጂ እንጂ የተሸጠው አይደለም።

እዚህ ላይ የራሴን ነገር ባነሣ ለጉዳዩ ይጠቅማል። «ፈርስት ብለድ»ን መጀመሪያ ያየሁት በልጅነቴ፣ በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ነው። ፊልሙ ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ አልፎታል፤ የሚታየውም ብዙ ፊልም ከተጨመቀበት ሲዲ ነበር። ተኩሱ ሲያበቃ አሳዪው ሲዲውን አውጥቶ ቀጣዩን ያስገባ ነበር፤ የሚቀጥሉት ደንበኞች ደጅ ቆመው ይጠብቃሉና። ስለዚህ በእኛ ሰፈር ራምቦ አልቅሶ አያውቅም። ፊልሙን እስከ ፍጻሜው ያየሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። ለታላቅ ወንድሜ ስለ ልቅሶው ስነግረው ከሌላ ፊልም ጋር እንዳምታታሁት ነገረኝ፤ አሁንም ያምን አይመስለኝም።

ከራምቦ ወደ «ብሌድ ራነር» ስንሻገር የቅጂ ጥያቄ ግልጽ ወደሆነበት ቦታ እንደርሳለን፤ ስለዚህም ብዙ አልቆይበትም። የሪድሊ ስኮት ፊልም በ1982 ሲወጣ ዋናው ተዋናይ ሃሪሰን ፎርድ ታሪኩን በድምፅ ይተርክበት ነበር፤ በመጨረሻም ጥንዶቹ በአረንጓዴ ተራራ መካከል በመኪና ሲሄዱ ይታያሉ። ሁለቱም የሙከራ ተመልካቾች ፊልሙ ግራ አጋባን ካሉ በኋላ የተጨመሩ ናቸው፤ የተራራው ምስልማ ስታንሊ ኩብሪክ ለ«ዘ ሻይኒንግ» አስቀርጾ ያልተጠቀመበት ትርፍ ፊልም ነው። በ1992 የወጣው የዳይሬክተሩ ቅጂ ትረካውንም ተራራውንም አስወግዶ፣ ባለ አንድ ቀንድ ፈረስ የሚታይበት አጭር ሕልም አስገባ። በ2007 ደግሞ የመጨረሻ የተባለው ቅጂ ወጣ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሰው ነው ወይስ ሰው ሠራሽ ፍጡር የሚለው፣ ስንት ገጽ የፈሰሰበት ክርክር፣ ጉልበቱን የሚያገኘው በዋናነት ከዚያ ሕልም ነው። በ1982 ሲኒማ ቤት የገባ ተመልካች ሕልሙን አላየውም። ሆኖም «የ1982ቱ ብሌድ ራነር በሰውነት ላይ ያነሣው ጥያቄ» የሚል ርዕስ ይዞ የ2007ቱን ቅጂ የሚተነትን ጽሑፍ ማግኘት አዳጋች አይደለም። እንዲህ ያለው ጽሑፍ የ1992ን እና የ2007ን ሐሳብ ለ1982 ያበድራል።

ሰርጂዮ ሊዮኔ በ1984 ያወጣው «ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን አሜሪካ» ደግሞ በአውሮፓ 229 ደቂቃ፣ በአሜሪካ 139 ደቂቃ ሆኖ ታየ። አከፋፋዩ ሰዓቱን በማሳጠር ብቻ አልተወሰነም፤ ዳይሬክተሩ በትዝታ ወዲያና ወዲህ ያመላለሰውን ታሪክ በዘመን ቅደም ተከተል ደረደረው። ሐያሲው ሮጀር ኤበርት ለረጅሙ ቅጂ አራት ኮከብ ሲሰጥ አጭሩን ክፉኛ አውግዞታል። በአንድ ርዕስና በአንድ ዓመት የተመዘገቡ፣ በአንድ ሰው እጅ የተቀረጹ፣ ሆኖም አንዱ ድንቅ ሌላው ውድቅ የተባሉ ሁለት ሥራዎች ናቸው።

እስካሁን ያነሣኋቸው ለውጦች ነጋዴዎች ያደረጓቸው ወይም ዳይሬክተሮች ያረሟቸው ናቸው። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሦስተኛ ዓይነት ለውጥ አለ፤ ሠሪው ራሱ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ የቀድሞ ሥራውን ከአዲስ ዘመን ጋር ሲያስማማ። ስቲቨን ስፒልበርግ የ1982ቱን «ኢ.ቲ.» በ2002 ለሃያኛ ዓመቱ ሲያወጣ፣ ልጆቹን የሚያሳድዱት የመንግሥት ሰዎች በእጃቸው የያዙትን ጠመንጃ በኮምፒዩተር አጥፍቶ በመገናኛ ሬዲዮ ተካው። እናትየው ልጇን እንደ አሸባሪ ለብሰህ አትወጣም የምትልበት ቃልም ተለወጠ። ስፒልበርግ በኋላ ተጸጽቶ ነበርና በ2012 የወጣው ቅጂ ወደ ጥንቱ ተመለሰ። አሜሪካ በ1982 ለልጆች በሠራችው ፊልም ውስጥ ጠመንጃ በልጆች ላይ መያዙን ማንም እንግዳ ነገር አድርጎ አለማየቱ ስለዚያ ዘመን የሚነግረን አንድ ነገር አለ። የ2002 መገናኛ ሬዲዮም ስለ 2002 ይነግረናል። ሁለቱም ማስረጃዎች ናቸው፤ የሚጠፉት አንዱ የሌላውን ስም ይዞ ሲቀርብ ነው።

የጆርጅ ሉካስ ነገር ከዚህ የባሰ ነው። በ1988፣ ነጋዴዎች ጥቁርና ነጭ ፊልሞችን ቀለም እየቀቡ በቴሌቪዥን በሚያሳዩበት ወቅት፣ ሉካስ በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ የባህል ቅርስ የሆኑ ፊልሞች መነካት የለባቸውም ሲል ተከራክሯል። በዚያው ዓመት የጸደቀው የፊልም ጥበቃ ሕግ ብሔራዊ የፊልም መዝገብን አቋቋመ፤ በ1989 ወደ መዝገቡ ከገቡት የመጀመሪያዎቹ ፊልሞች አንዱም የራሱ የሉካስ «ስታር ዋርስ» ነበር። ያው ሰው በ1997 ሦስቱንም የቀድሞ ፊልሞቹን በአዳዲስ ምስሎች ለውጦ አወጣቸው። በ2004 ደግሞ በ1983ቱ «ሪተርን ኦቭ ዘ ጄዳይ» መጨረሻ ላይ የሚታየውን አዛውንት ተዋናይ ሴባስቲያን ሾውን አስወግዶ፣ በ1983 ገና ሕፃን የነበረውን ሄይደን ክሪስተንሰንን አስገባ። ሠሪ በሥራው ላይ መብት አለው የሚለውን አልክድም። ደራሲዎቻችንም መጻሕፍታቸውን እያረሙ ደግመው ያሳትማሉ። ነገር ግን መጽሐፍ ሲታረም ሁለተኛ እትም ይባላል፤ የፊተኛው እትም ከቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ አይለቀምም። ሉካስ ጥንታዊዎቹን ቅጂዎች በ2006 በአነስተኛ የምስል ጥራት አባሪ አድርጎ ካወጣቸው በኋላ ዞሮ አላያቸውም።

በሴሚናሩ ላይ ጥሩ ተቃውሞ ገጥሞኛል። የተወዳጅ ፊልም ትርጉም ያለው በሠሪው ቅጂ ሳይሆን በተመልካቹ ውስጥ ነው፤ ሕዝብ ራምቦን ጡንቸኛ አድርጎ ካስታወሰው፣ የባህል ተማሪ ሊያጠናው የሚገባው ያንን ነው የሚል። ተቃውሞውን እቀበላለሁ፤ ግን ወዴት እንደሚወስደን እንከተለው። ተመልካቹን የምናጠና ከሆነ የትኛውን ቅጂ፣ በምን ላይ፣ እስከ የት ድረስ እንዳየ ማወቅ ከበፊቱ ይልቅ ግድ ይሆንብናል። «ኢ.ቲ.» በሕጋዊ የቪዲዮ ካሴት የወጣው በ1988፣ ሲኒማ ቤት ከታየ ከስድስት ዓመት በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት በካሴት ያየው ሰው ያየው የተሰረቀ ቅጂ ነው። «ፈርስት ብለድ»ም ሆነ «ብሌድ ራነር» የተቀረጹት ለሰፊ የሲኒማ መጋረጃ ነው። ወደ ካሴት ሲገለበጡ የዚያን ጊዜውን ጠባብ የቴሌቪዥን መስኮት ለመሙላት ግራና ቀኛቸው ይቆረጥ ነበርና፣ ከምስሉ ስፋት ከአርባ በመቶ በላይ ይጠፋ ነበር። በፍሬሙ ዳርና ዳር የቆሙ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ አንዱ ከመስኮቱ ውጭ ይቀራል። ስለ ምስል አደራደር የምንጽፍ ሰዎች ይህን ሳንናገር እንዴት እናልፋለን?

በአገራችንም ይህ የጥናት መስክ ገና አልተነካም ብል ብዙ የተሳሳትሁ አይመስለኝም። የእኔ ትውልድና ከእኔ የሚቀድመው ትውልድ የ1980ዎቹን የአሜሪካና የህንድ ፊልሞች በአብዛኛው ያየነው ዘግይተን፣ በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ብዙ ጊዜ ቋንቋውን ሳንሰማ ነው። ልቅሶው ተቆርጦ የቀረው የሰፈሬ ራምቦም በዚህ አመለካከት አንድ ራሱን የቻለ ቅጂ ነው። አሳዪዎቹ ብዙዎቹ በሕይወት አሉ። የትኛው ትዕይንት ላይ ያቋርጡ እንደ ነበር፣ ተመልካቹ ምን ይድገምልን ይል እንደ ነበር፣ ሲዲውን ከየት ያመጡት እንደ ነበር ይናገራሉ፤ ጠያቂ ግን ያስፈልጋቸዋል። ይህ ለአንድ የማስተርስ ጥናት ልክ የሚሆን ርእሰ ጉዳይ ነው፤ የእኔ ርእስ ተመዝግቦ ባያልቅ ኖሮ ለሌላ አልተውለትም ነበር።

እስከዚያው ግን ትንሽ ነገር እንጀምር። በመመረቂያ ጽሑፎቻችን የፊልም ዝርዝር ውስጥ የምንጽፈው ርዕስ፣ ዳይሬክተርና ዓመት ብቻ ነው። ለመጽሐፍ ቢሆን እትሙን ሳንጠቅስ ብንቀር አማካሪዎቻችን ይመልሱብን ነበር። ለፊልምም የቅጂውን ስም፣ የወጣበትን ዓመት፣ ርዝመቱን በደቂቃ፣ በምን ላይ እንዳየነው እንጨምር። ቅጂው ያልታወቀ ከሆነ ያልታወቀ ነው ብለን እንጻፍ። የ1988ቱ የአሜሪካ ሕግም ቢሆን በመዝገቡ የገባ ፊልም ከተለወጠ መለወጡ በላዩ ላይ ተጽፎ ይታይ ነበር ያለው እንጂ ጨርሶ አይለወጥ አላለም፤ ከእኛም የሚጠበቀው ከዚህ የበለጠ አይደለም።

ጥንታዊ ቅጂው በእጅ በማይገኝበት ጊዜ ደግሞ ሥራው ይከብዳል። ፊልሙ በወጣበት ሳምንት የተጻፉ ግምገማዎችን፣ የተጣሉ ትዕይንቶችን፣ ልብ ወለድ ካለው ልብ ወለዱን አንድ ላይ አስቀምጦ ማንበብ ይጠይቃል። እኔ በራምቦ ላይ ያደረግሁት ይህንኑ ነው፤ ከሴሚናሩ በኋላ፣ ዘግይቼ። ያ የምወደው ዐረፍተ ነገር ከጽሑፌ ወጥቷል። በቦታው ሁለቱ የሜይ ቀኖች ገብተዋል፤ ከሥራቸውም ያየሁት ቅጂ ርዝመትና የወጣበት ዓመት።